ያለ ባንድ ስለተሠራው አልበም

የአሜሪካዊውን ዘፋኝ የጄሰን ኢዝቤልን የ2025 አልበም «ፎክሰስ ኢን ዘ ስኖው»ን «አብሮት የሚጫወተው ባንድ ስለሌለበት ባዶ ነው» ያላችሁ፣ እባካችሁ በደህና ማዳመጫ ድገሙት። ኒውዮርክ ኤሌክትሪክ ሌዲ ስቱዲዮ በ5 ቀን የተቀዳው በድምፁና በአንድ የ1940 ማርቲን 0-17 ጊታር ብቻ ነው። ጊታሩ አነስተኛና ሙሉ በሙሉ ከማሆጋኒ እንጨት የተሠራ በመሆኑ ቤዙ (ወፍራሙ ድምፅ) ቀጭን ነው፤ መካከለኛው ድምፅ ግን ጎልቶ ይወጣል። የዘፋኙም ድምፅ እዚያው አካባቢ ነው። በስልክ ስፒከር ሲሰማ ሁለቱ ይደራረባሉ፤ የጊታሩ ወፍራም ክሮች ደግሞ በደንብ አይሰሙም። ኢኳላይዘር (ቤዙንና ቀጭኑን ድምፅ ለየብቻ ማስተካከያ) ካላችሁ ቤዙ ላይ፣ 100 ኸርዝ አካባቢ፣ 2 ዴሲቤል ጨምሩ፤ ከዚያ ካለፈ ግን ጊታሩ ይጎረናል። ያለ ከበሮ 11 ዘፈን በተከታታይ መስማት ይከብዳል የሚለው ትችት ግን ልክ ነው፤ ለሁለት ከፍላችሁ ስሙት።