ለክቡር ባለ 15 አሃዝ ቁጥር

ክቡር ሆይ፣

በስልኬ ካርቶን ጎን የጉንዳን ሰልፍ መስለው የሚኖሩት የስልኬ መለያ ቁጥር፣ አይኤምኢአይ፣ ጤና ይስጥልኝ። ከሦስት መቶ ሃምሳ ትሪሊዮን በላይ ነዎት፤ በሙሉ ማዕረግዎ የጠራዎት ሰው ግን አላየሁም። ሦስት ሦስት አድርገን እንቆርስዎታለን።

ስልኬ ተሰረቀ። ለማዘጋት እርስዎ ያስፈልጋሉ ተባለ። ኮከብ መሰላል 06 መሰላል ሲደውሉ ቁጥሩ ይወጣል ይላል ማስታወቂያው። በየትኛው ስልክ? እናቴ ክርና ቁልፍ ያኖረችበትን ካርቶን ፈልጌ፣ እርስዎን በእጄ ገልብጬ ሰልፍ ያዝኩ።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ተራዬ ደረሰ። ጸሐፊዋ አስገባችው፤ ኮምፒውተሩ «ትክክለኛ ቁጥር» አለ። ሞዴሉም የእኔው ነው። «ስልኩ እየሠራ ነው» ስትለኝ ደሜ ፈላ። በድምፅ ማጉያ ተደወለ። አንዲት እናት «አቤት?» አሉ፤ ከኋላቸው ቡና ይወቀጣል። እኔም ያ ሁሉ ሰልፈኛ እየሰማ «አንቺ ሌባ፣ ስልኬን መልሺ!» አልኩ።

«ልጄ፣ ይህን ከያዝኩት ሁለት ዓመቴ ነው። የጠፋብህን እሱ ይመልስልህ» ብለው መርቀውኝ ዘጉ።

ካርቶኑ ሲታይ 09 ይላል። እኔ 90 ብያለሁ።

የመጀመሪያ ስምንት አሃዞችዎ የስልኩን ዓይነት፣ ቀጣዮቹ ስድስቱ የራሱን መለያ ይናገራሉ፤ ስህተቴ ከስድስቱ ላይ ነበርና ሞዴሉ አልተለወጠም። አሥራ አምስተኛው ዘበኛ ነው። ሥራውን የቀመረለት የኮምፒውተር ኩባንያው የአይቢኤም መሐንዲስ ሐንስ ፒተር ሉን ነው፤ በ1954 እ.ኤ.አ. ለፓተንት አመልክቶበታል። ከቀኝ ተነስቶ በየሁለተኛው አሃዝ ይታጠፋል፣ ከ9 ከበለጠ 9 ይቀነስለታል፣ ድምሩ ለ10 ያለ ቀሪ ካልተካፈለ ቁጥሩ ይጣላል። አንድ አሃዝ ብስት ይይዘኝ ነበር። 12ን 21 ብል ይይዘኝ ነበር። ጎረቤታሞች ቦታ ሲለዋወጡ ዘበኛው የሚያንቀላፋው በአንድ ጥንድ ብቻ ነው፦ 09 እና 90። ዜሮ ቢታጠፍ ያው ዜሮ፤ ዘጠኝ ቢታጠፍ አሥራ ስምንት፣ 9 ሲቀነስለት ተመልሶ ዘጠኝ።

ስማ አንተ! ካርቶኑ እኮ ብብቴ ሥር ነበር፤ «እስቲ አሳየን» ያለኝ ማን ነው? «ትክክለኛ» ማለት «የዚህ ሰው ነው» ማለት እንዳልሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ከመስኮቱ ጀርባ አልነበረም። የማዘጊያ ማመልከቻው ላይ ፈርሜያለሁ! ሴትዮዋ ባያነሱ ኖሮ ስልካቸው ይዘጋ ነበር፤ በዚያ ዕድሜያቸው እዚሁ መስኮት ቆመው ሌባ አለመሆናቸውን ሊያስረዱ!

ይቅርታ ክቡር ሆይ፣ አንተ አልኩዎት። ለእሳቸው ካልኩት ግን ይሻላል።

90ውን ሰርዤ 09 ብጽፍ «ስርዝ ድልዝ ያለበት ቅጽ አንቀበልም» ተባልኩ። አዲስ ቅጽ ደግሞ አልቋል፤ ከምሳ በኋላ ይመጣል።

አክባሪዎ፣
ከሰልፉ 41ኛ