ፊቷን ተዉላት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ለወጉ ያህል «ይቅርታ አድርጉልኝና» ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን ይቅርታ የሚያስጠይቅ ነገር ገና አልተናገርኩም።

አንዲት ተዋናይት ፎቶዋን ስትለጥፍ ሥሩ የምትጽፉትን አያለሁ። «ውይ አረጀች!» «ምን ነካት ግን?» «ያቺ ቆንጆ ልጅ ናት ይቺ?» «በቃ አበቃላት»። አንዳንዳችሁ የድሮ ፎቶዋን ከአሁኑ ጎን ትደረድሩና የሚያለቅስ ኢሞጂ ትጨምሩበታላችሁ። ሰው የሞተ ይመስላል። ሴትዮዋ እኮ በሕይወት አለች። ስልክም አላት። ታነበዋለች። ልጆቿም ያነቡታል።

ዋሽንግተንና ዱባይ ሆናችሁ ድራማውን በዩቲዩብ የምትከታተሉትም አልቀራችሁበትም። እንዲያውም አንዳንዴ ትብሳላችሁ። ከአገር ስትወጡ የተዋችኋት ልጅ ከ15 ዓመት በኋላም እንደዚያው ሆና እንድትጠብቃችሁ ትፈልጋላችሁ።

እኔ ሜካፕ አርቲስት ነኝ። የፊልምም የመድረክም ፊት ሠርቻለሁ። የምትወዷቸውን ፊቶች ከእናንተ ይልቅ በቅርብ አውቃቸዋለሁ። መብራት ሳይበራ፣ ፓውደር ሳይነካቸው፣ ገና ከጠዋቱ 12 ሰዓት፣ እንቅልፍ ሳይጠግቡ ነው የማገኛቸው። ስለዚህ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ያኔም እናንተ እንደምታስቡት አልነበሩም። የ20 ዓመቷ ልጅ ከዓይኗ ሥር ጥቁረት ነበራት። ብጉር ነበራት። የሸፈንኩት እኔ ነኝ። አሁን «የት ሄደ?» የምትሉት ውበት ግማሹ እኔ ቦርሳ ውስጥ ነው ያለው።

ወንዱ ተዋናይ ሲሸብት ግን ወሬው ሌላ ነው። «ግርማ ሞገስ መጣለት» ትላላችሁ። ዳኛ ይሆናል፣ ባለሀብት ይሆናል፣ የጦር አዛዥ ይሆናል። ሚስቱ ሆና የምትተውነው ልጁ የምትሆን ናት፤ ማንም «ኧረ ይሄ ነገር እንዴት ነው?» አይልም። «አረጀች» ብለው ከሚጽፉት ውስጥ ደግሞ ፕሮፋይላቸው ላይ ኮፍያ ወልቆ የማያውቅ ወንዶች ሞልተዋል። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም የሚባለው ለካ ለአንድ ሰው ነው!

እህቶቼ፣ እናንተም አትሳቁ። «ምን ሆና ነው እንዲህ የወፈረችው?» የምትሉት እናንተ ናችሁ። ወንድማችሁ ሚስት ሲመርጥ «መልክ ታጥቦ አይጠጣም» ብላችሁ የምትመክሩትም እናንተ ናችሁ። ምክሩ ለቤት ብቻ ነው እንዴ?

የማውቃት ተዋናይት አለች። ስሟን አልጠራም። በ17 ዓመቷ ነው ታዋቂ የሆነችው። ታክሲ ስትሳፈር ረዳቱ «ካንቺማ አልቀበልም» ይላት ነበር። ገበያ ወጥታ ሽንኩርት መርጣ መግዛት አትችልም፤ ሰው ይከባታል። ትምህርቷን እንደነገሩ ጨረሰች። ማን ይፍረድባት? ከተማው ሁሉ «አንቺ ምን ጎደለሽ» እያላት ነው ያደገችው። 38 ዓመት ሲሞላት አንድ ፕሮዲውሰር ደወለላት። «የምትመጥንሽ ገጸ ባሕርይ አለች፤ እናት ናት» አላት። ልጇን ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ዕድሜው ስንት ነው ብትል 29።

ሥራ ነውና እሺ አለች። እኔ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጸጉሯ ላይ ከግንባሯ መስመር ጀምሬ ነጭ ቀለም በጥርስ ብሩሽ አስነካሁት። ቅንድቧን ወደ ላይ እንድታነሳ አደረግኩና ቆዳዋ የታጠፈበትን መስመር ተከትዬ በቡናማ እርሳስ አሰመርኩ። በጣቴ አደበዘዝኩት። ከአፍንጫዋ እስከ ከንፈሯ ዳር ያለውንም እንደዚያው። የከንፈሯን ቀለም ገደልኩት። ሻሽ አሰርንላት። መስታወቱን አየችና ሳቀች። «እኔስ ይሁን፤ እውነተኞቹ የ60 ዓመት ተዋናዮች የት ሄደው ነው?» አለችኝ።

የት ሄዱ? ቤታቸው ናቸው። መጨማደዱ በነፃ ያላቸው፣ አነጋገሩን የሚያውቁት፣ ቡና ሲያፈሉ እጃቸው የማይሳሳት ሴቶች ቤታቸው ቁጭ ብለዋል። እኛ ደግሞ በቀለም እርጅና እንሠራለን። ሴቷን ያለ ዕድሜዋ አስረጅተን እናበቃና ዕድሜዋ ሲደርስ «አረጀች» ብለን እናሰናብታታለን። ይሄ ምን የሚሉት ሒሳብ ነው?

ጉዳዩ የስሜት ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንጀራ ጉዳይ ነው። ብሔራዊ ትያትር ወይም ሀገር ፍቅር ተቀጥሮ የሚሠራ ተዋናይ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። 60 ሲሞላው ጡረታ ይወጣል። ብዙ ባይሆንም በየወሩ የሚቆረጥለት ነገር አለ። በፊልምና በተከታታይ ድራማ የምትሠራዋ ግን በኮንትራት ነው የምትኖረው። ቀረጻው ሲያልቅ ክፍያውም አለቀ። ያላት ሀብት ስሟና ፊቷ ነው። ፕሮዲውሰሩ ደግሞ ማንን ላሠራ ብሎ ሲያስብ የእናንተን ኮሜንት ያነባል። ማስታወቂያ የሚያሠራው ድርጅትም ያነባል። «አበቃላት» ብሎ የጻፈው ሰው ተኝቶ ሲነሳ ረስቶታል። የእሷ ስልክ ግን መጮህ ያቆማል።

ከዓመታት በኋላ ታማ አልጋ ላይ ስትወድቅ ግን ትመጣላችሁ። አካውንት ቁጥር ትቀባበላላችሁ፣ ገንዘብ ታዋጣላችሁ፣ «የዘመኑ ኮከብ» ትሏታላችሁ። ደግነታችሁን አልክድም፤ በዚህ በኩል አትታሙም። ግን ሥራ ቢኖራት ኖሮ በራሷ ገንዘብ ትታከም ነበር። ሰው እንዲለምን አድርጎ መስጠት ብዙም አያኮራም።

በመካከሉ ያለውን ጊዜ ደግሞ እኔ ነኝ የማየው። «ወጣት ሁኚ» የተባለች ሴት ወጣት ለመሆን ትሞክራለች። ፊት ያቀላል፣ ያጠራል የሚባል ክሬም ትገዛለች። ብዙዎቹ ላይ ውስጡ ምን እንዳለ በትክክል አልተጻፈም። ስቴሮይድ ያለበትን ለወራት ስትቀባው ቆዳዋ ይሳሳል። ሜርኩሪ ያለበት ደግሞ ከፊት አልፎ ኩላሊት ይጎዳል። እንዲህ ያለ ፊት ወንበሬ ላይ ሲቀመጥ ገና ስፖንጅ ሳስነካው አውቀዋለሁ። ቀይ ይሆናል። ጉንጯ ላይ ቀጫጭን የደም ሥሮች ይታያሉ። መብራት ሲበራ ያቃጥላታል፤ በየትዕይንቱ መሐል ማራገቢያ እንይዝላታለን። ከዚያ ተቀርጾ ሲወጣ እናንተ ምን ትላላችሁ? «ፊቷን ምን አድርጋው ነው? ተፈጥሮዋን ብትተወው ምን አለበት?» ስታረጅ ሰደባችኋት። እንዳታረጅ ስትታገል ሰደባችኋት። ሌላ ምን ቀራት?

ብሩክ ሺልድስን አንዳንዶቻችሁ ታውቋታላችሁ። አሜሪካዊት ተዋናይት ናት፤ እ.ኤ.አ. በ1965 ነው የተወለደችው። የመጀመሪያ ማስታወቂያዋን የሠራችው በ11 ወሯ ነው፤ የሳሙና። ጥርስ እንኳ አውጥታ አልጨረሰችም። በ11 ዓመቷ ሴተኛ አዳሪዎች ቤት የምታድግ ልጅ ሆና ፊልም ሠራች። ፊልሙ በ1978 ሲወጣ ዓለም ተንጫጫ፤ ግን እየተንጫጫም አየው። በ15 ዓመቷ የካልቪን ክላይን ጂንስ ማስታወቂያ ላይ ወጣች፤ አንዳንድ የቴሌቪዥን ጣቢያዎች «ይሄንንስ አናሳይም» እስኪሉ ድረስ። ጎልማሳ ጋዜጠኞች ይቺን ልጅ ፊት ለፊት አስቀምጠው የሚጠይቋት ስለ ገላዋ ነበር።

ሥራ አስኪያጇ እናቷ ነበረች። በ10 ዓመቷ አንድ ፎቶ አንሺ ለልጅ የማይገባ ፎቶ ሲያነሳት የፈቃዱን ወረቀት የፈረመችው እናቷ ናት። ልጅቷ ከፍ ስትል ፎቶው ከእንግዲህ እንዳይወጣ ብላ ከሰሰች። እ.ኤ.አ. በ1983 የኒውዮርክ የመጨረሻው ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት እናትየው የፈረመችውን ልጅቷ ልትሽረው አትችልም ብሎ ፈረደባት። ይቺን ነገር ያዙልኝ፤ ቆይቼ እመጣባታለሁ።

ሺልድስ በዚያው ተሰብራ አልቀረችም። ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ገብታ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ ተማረች፤ በ1987 ተመረቀች። ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ድብርት፣ ብዙ ዝነኞች አፋቸውን በያዙበት ጊዜ፣ ከራሷ ሕይወት ተነስታ ጻፈች። በ2024 የአሜሪካ የመድረክ ተዋንያን ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆና ተመረጠች። በ2025 መጀመሪያ ላይ ደግሞ፣ 60 ሊሞላት ጥቂት ወራት ሲቀራት፣ ስለ ማርጀት መጽሐፍ አወጣች። ርዕሱ «ብሩክ ሺልድስ እንድታረጅ አልተፈቀደላትም» ይላል። ይታያችሁ። የተማረችው፣ የጻፈችው፣ ማኅበር የምትመራው ሴት በ59 ዓመቷም ስለ 15 ዓመቷ ፊት መልስ እንድትሰጥ ትጠየቃለች። ያንን ፊት ደግሞ እሷ አይደለችም ለሰው የሸጠችው። ልጅ ነበረች።

የእኛስ? አስናቀች ወርቁን አስታውሱ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. ከተመሠረተ በኋላ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የሴት ገጸ ባሕርይ የሚሠሩት ወንዶች ነበሩ። ሴት መድረክ ላይ ከወጣች ነውር ነበር። ያንን ነውር ከሰበሩት ከመጀመሪያዎቹ ሴት ተዋንያን አንዷ አስኒ ናት። ትተውናለች፣ ትዘፍናለች፣ ክራሩንም ራሷ ትመታዋለች። ያኔ ሰዉ «አዝማሪ» ብሎ ይሰድባል፤ ማታ ደግሞ ያንኑ አዝማሪ ለማየት ቲኬት ይገዛል። ቁንጅናዋ የከተማ ወሬ ነበር። ኋላ ሕመም ቤት አዋላት። መስከረም 2004 ዓ.ም. ዐረፈች። ከሞተች በኋላ ለዕይታ የበቃ ስለ ሕይወቷ የተሠራ ዘጋቢ ፊልም አለ። እዚያ ላይ የምታዩት ያረጀ ፊት ነው። እኔ እንደ ሙያዬ መጀመሪያ ቆዳዋን ነበር የማየው፤ ብዙም ሳይቆይ ረሳሁት። አነጋገሯ አይለቅም። ይሄን የመሰለ ሰው በሕይወት እያለ ስንቶቻችን ሄደን አዳመጥን?

እሺ፣ አሁን ወደ እናቶችና አባቶች ልምጣ። ያዙልኝ ያልኩትን ይዛችሁልኛል አይደል?

ቲክቶክ ላይ የ5 ዓመት ልጃችሁን ሊፒስቲክ ቀብታችሁ፣ ወገቧን እያወዛወዘች እንደ ትልቅ ሴት ስታስጨፍሯት አያለሁ። «ስታድግ ሞዴል ናት» ትላላችሁ። ሥሩ ገብተው «ውይ ቆንጅዬ» የሚሉት ሁሉ የአክስት ልብ ያላቸው ይመስላችኋል? ቀረጻ ላይም አይቻለሁ። ከምሽቱ 4 ሰዓት ላይ የ6 ዓመት ልጅ ወንበሬ ላይ ተቀምጣ ታዛጋለች። በማግስቱ ትምህርት አላት። እናቷ ከኋላዬ ቆማ «ትንሽ አድምቂያት፣ ገርጥታለች» አለችኝ። ልጅቷ የገረጣችው እንቅልፍ ስላጣች ነው። ለእንቅልፍ ቀለም የለኝም አልኳት። ተቀየመችኝ።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ስለ ልጆች ተጽፏል። ልጅ ጉልበቱ እንዳይበዘበዝ፣ ትምህርቱን፣ ጤናውንና ደኅንነቱን የሚጎዳ ሥራ እንዳይሠራ ይላል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ከ15 ዓመት በታች ያለ ልጅ መቅጠርን ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለውንም ቢሆን ሌሊት ማሠራት አይፈቅድም። እኛ ዘንድ ግን ሊስትሮ የሚሠራ ልጅ ስናይ «ምስኪን» እንላለን፤ ካሜራ ፊት የሚሠራ ልጅ ስናይ «ታድሎ»። ልጃችሁ ጥሩ ትተውን ይሆናል፤ ተሰጥኦ ያላቸው ልጆች አሉ፤ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ተቀርጻ ብትመለስ ሰማይ አይደፋም። እኔ የምለው፣ ቤተሰቡ በእሷ ገቢ መኖር ከጀመረ ነገሩ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። የለጠፋችሁት ቪዲዮ ደግሞ አንዴ ከወጣ አይመለስም። አውርዶ ያስቀመጠው አለ። 25 ሲሞላት «ማን ፈቅዶላችሁ ነው?» ብትላችሁ ምን ትሏታላችሁ? «እኔ እናትሽ ነኝ» ልትሏት ነው? የሺልድስም እናት እናት ነበረች።

ደራሲዎችንም ልንካችሁ። የ50 ዓመት ሴት ስትጽፉ ወይ ታለቅሳለች ወይ ምራቷን ትረግማለች። አገሩ ውስጥ ያሉት የ50 ዓመት ሴቶች ግን ዕቁብ ይሰበስባሉ፣ መርካቶ ሱቅ ይመራሉ፣ ፍርድ ቤት ይከራከራሉ፣ አንዳንዶቹም፣ አዎ፣ ይወዳሉ። እነሱን ጻፉ፤ ተዋናዮቹ አሉ።

«ታዋቂ መሆን ፈልጋ ነው የገባችበት፤ ትችት መቻል አለባት» ትሉኝ ይሆናል። ትቻል። ትወናዋን ተቹ። ድምፅዋ ካልተሰማ፣ ገጸ ባሕርይዋን ካልያዘችው፣ ሁለት ድራማ ላይ አንድ ዓይነት ሰው ከሆነችባችሁ በደንብ አድርጋችሁ ጻፉ። እሱ የሙያዋ ጉዳይ ነው፤ ልታሻሽለውም ትችላለች። የእኔንም ሥራ ተቹ። ፊቷና አንገቷ ቀለማቸው ከተለያየ ጥፋቱ የእኔ ነው። ባለፈው እንዲያ ያለ ነገር አይታችሁ ዝም ብላችሁ አልፋችኋል፤ ስለ ውፍረቷ ግን 300 ሰው ጽፏል።