የሐረር ቤት ቆመው አያዩትም

ድሬዳዋ በአውሮፕላን ደርሶ፣ ሐረር በመኪና ገብቶ፣ ጁገልን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ፣ በግማሽ ቀን «ጨርሶ» የሚመለስ ጎብኚ ብዙ ነው። የፈረንሳዊውን ገጣሚ የራምቦን ቤት ያያል፣ የራስ ተፈሪ ቤት በሚባለው ሕንፃ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ይዞራል፣ ማታ ጅብ ሲመገብ ፎቶ ያነሳል። የራምቦ የሚባለው ቤት ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው፤ ገጣሚው ኖሮበታል የሚለውን በእርግጠኝነት ለሚነግርዎ አስጎብኚ ፈገግ ብለው ይለፉ። ጁገል በ1998 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ትልቁን ክብደት የሰጡት ግን ዛሬም ሰው የሚኖርባቸው ቤቶች ናቸው። እነሱን ደግሞ በር ላይ ቆሞ ማየት አይቻልም።

ሐረሪዎች ጌ ጋር የሚሉት ቤት ከውጭ ሲያዩት ግንብና በር ብቻ ነው። ግቢውን አልፈው ጊድር ጋር ወደሚባለው ዋና ክፍል ሲገቡ ወንበር የለም፤ ከወለሉ ከፍ ከፍ ያሉ አምስት መደቦች አሉ። ነደባ ይባላሉ። አሚር ነደባ በሩን ፊት ለፊት የሚያይ የአባወራው ቦታ ነው፤ የጦር መስቀያውም እዚያው ነው። ጊድር ነደባ ሰፊው የእንግዳ መቀመጫ ነው። ገብቲ ኤሄር ነደባ ከበሩ ጀርባ፣ ሱትሪ ነደባ ደግሞ ስሙ እንደሚለው ሸሸግ ያለው ነው፤ አምስተኛው ትንሹ፣ ቲት ነደባ። ስለዚህ ጫማዎን አውልቀው እንደገቡ የመጀመሪያው ጥያቄዎ «የት ልቀመጥ?» ይሁን። የቤቱ ሥርዓት ከዚያ መልስ ይጀምራል። ዝም ብሎ አሚር ነደባ ላይ ወጥቶ ፎቶ የሚነሳ እንግዳ ምን እንዳደረገ እንኳ አያውቅም።

ከተቀመጡ በኋላ ቀና ይበሉ። ከበሩ በላይ የተጠቀለለ ምንጣፍ ካለ ለትዳር የደረሰች ልጅ አለች ማለት ነው። በጎን ያለችው ጠባብ ክፍል ኪርታት ናት፤ ሙሽሮች የመጀመሪያውን ሳምንት እዚያ ያሳልፉ ነበር፣ ምግቡንም በመስኮት ይቀበሉ ነበር ይባላል። የነደባው ቀይ ቀለም ደግሞ በ1879 ዓ.ም. የሐረር አሚር ጦር በምኒልክ ጦር በተሸነፈበት የጨለንቆ ውጊያ ላይ ለፈሰሰው ደም መታሰቢያ እንደሆነ ባለቤቶቹ ይናገራሉ።

ይህ ሁሉ የግለሰብ ቤት ነው። የመግቢያውንም የፎቶውንም ክፍያ ከመግባትዎ በፊት ይነጋገሩ፤ ከወጡ በኋላ የሚነሳ ክርክር ሁለቱንም ወገን ያሳፍራል። ከሁሉ የሚሻለው ማደር ነው። አንዳንድ ቤተሰቦች ጌ ጋራቸውን የእንግዳ ማረፊያ አድርገዋል። ክፍሎቹ ጥቂት ስለሆኑ በበዓል ሰሞን ቀድሞ መያዝ ያስፈልጋል፤ መታጠቢያው የጋራ ሊሆን ይችላል፤ ፎቁ (ቀላ ይሉታል) ላይ ከተኙ ደረጃውን በጨለማ አይውረዱ።

አንድ ቅሬታ አለኝ፤ የሲሚንቶ ነገር። እነዚህ ግድግዳዎች ድንጋይና ጭቃ ናቸው። በኖራ ሲቀቡ እርጥበቱ ይወጣል፤ በሲሚንቶ ሲለሰኑ ግን ውስጥ ይታፈንና ጭቃው ይላላል፣ ልስኑም እየተላጠ ይነሳል። የእንግዳ ማረፊያ ሲመርጡ የግድግዳውን ግርጌ ይመልከቱ፤ ያበጠና የተላጠ ካለ ነገሩ ይህ ነው።

ከልስኑ በታች ያለውን ለማየት ወደ ኮረሚ ይውጡ። ከሐረር ደቡብ ምሥራቅ፣ ኮረብታ ላይ ያለ የአርጎባ መንደር ነው፤ የድንጋይ ቤቶቹ አልተለሰኑም፣ ስለዚህ ድንጋዩ እንዴት እንደተደራረበ እስከ ጣሪያው በዓይን ይነበባል። ሐረር ላይ የተሸፈነውን እዚህ ገልጠው ያዩታል፤ ቅደም ተከተሉም ሐረር መጀመሪያ፣ ኮረሚ በማግስቱ ቢሆን ይሻላል። በጠዋት ይነሱ፣ ውኃና ምሳ ይያዙ፣ ኦሮምኛ የሚችል አስጎብኚ ይውሰዱ። መንገዱ ለዝቅተኛ የቤት መኪና አይመከርም፤ ዝናብ ካለ ጨርሶ ይተዉት።

ጊዜ ከተረፈዎት በጅግጅጋ መንገድ ባቢሌ ከተማን አልፎ ያለው የዳካታ የድንጋይ ሸለቆ ከመኪና ሳይርቁ ይታያል። የባቢሌ ዝሆኖች ግን ሌላ ነገር ናቸው። በቁልቋልና በእሾህ መሀል ከስካውት (ከጥብቅ ቦታው ጠባቂ) ጋር በእግር ይፈለጋሉ፣ ብዙ ጊዜም ጎብኚው ኮቴያቸውን ብቻ አይቶ ይመለሳል። ሙሉ ቀን የሌለው ሰው ያንን ሰዓት ነደባው ላይ ቡና እየጠጣ ቢያሳልፈው አይቆጨውም።