ዛሬ ነገ ማለቱ ይልመድብን

እስቲ ዛሬ ራሳችንን እናመስግን። የሰው ልጅ ሙያው ብዙ ነው፣ እንደ ዛሬ ነገ ማለት የተካነበት ግን የለም። የከሰሉንና የነዳጁን ጭስ መቼ ነው የምታቆሙት ሲሉን "በ2050" እንላለን (ዓመቱ ሁሉ በፈረንጆቹ ነው)። ያኔ ፈራሚዎቹ ጡረታ ላይ ናቸው። ብልህነት ማለት ይህ ነው።

ውቅያኖሱ ደግሞ ሲበዛ ሆደ ሰፊ ነው። በየዓመቱ ከጭሱ ጋር ከምንለቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ አንድ አራተኛ ያህሉን ዝም ብሎ ይውጥልናል። ኪራይ አይጠይቅ፣ ደረሰኝ አይቆርጥ። እርግጥ ጋዙ ውሃ ሲያገኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፣ የባሕር እንስሳት ዛጎላቸውን የሚሠሩበትን ካርቦኔትም ይሻማቸዋል። ግን ይህ ኬሚስትሪ ነው፤ እሱን ደግሞ ፈተናውን ያለፍን ዕለት ረስተነዋል።

ቁጥሩም ቢሆን ለዛሬ ነገ የተመቸ ነው። ከኢንዱስትሪው ዘመን በፊት የባሕሩ የላይኛው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ሲወርድ አሲዱ ይጨምራል) 8.2 ገደማ ነበር፣ አሁን 8.1 ገደማ ነው። 0.1! ለዚህች እንቅልፍ የሚያጣ ሰው ሥራ ፈት ነው። አንዳንድ ነዝናዞች ግን በፒኤች መለኪያ አንድ ቁጥር መውረድ የአሥር እጥፍ ለውጥ ስለሆነ ይህችው 0.1 አሲዱን በ30 በመቶ ገደማ ጨምራዋለች ይላሉ። የገዛ ደምህ ከ7.4 ወደ 7.3 ቢወርድ ሐኪሙ "ምንም አይደል፣ በ2050 ብቅ በል" ይልሃል ወይ ብለውም ያፋጥጡሃል። ደሜማ የኔ ነው! ባሕሩ ግን የሁላችን ነው፣ ስለዚህ ሌላ ሰው ያስብበት።

በቀጠሮ የዓለም መሪዎችን የሚያህል ግን የለም። የአየር ንብረት ጉባኤው በ1995 በርሊን ላይ ተጀመረ። ከድንጋይ ከሰል፣ ከነዳጅና ከጋዝ መላቀቅ አለብን የሚለው በውሳኔው ላይ የተጻፈው በ28ኛው ጉባኤ፣ በ2023፣ ያውም ዱባይ ላይ ነው። አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ 28 ዓመት! ለአሲዱማ የራሱ ግብ አለው፤ የተባበሩት መንግሥታት በ2015 ካጸደቃቸው የልማት ግቦች ውስጥ 14.3ን ተመልከቱ። አፈጻጸሙ የሚታየው በምን መሰላችሁ? የባሕሩን ፒኤች በመለካት። እየለካን ነው። እየወረደ ነው። ልኬታችን ግን አንደኛ ነው።

ችግሩ እንስሳቱ ትዕግሥት የላቸውም። የባሕር ቢራቢሮ የምትባል፣ እግሯን ክንፍ አድርጋ የምትዋኝ ሚጢጢ ቀንድ አውጣ አለች። ተመራማሪዎች ዛጎሏን በዚህ ምዕተ ዓመት ማብቂያ ይኖራል ተብሎ በሚገመተው ዓይነት ውሃ ውስጥ ነከሩት። እንደ መስታወት ጥርት ያለው ዛጎል መጀመሪያ ደፈረሰ፣ ቀጥሎ ተቦዳደሰ፣ 45 ቀን ገደማ ሲሆነው ሟሟ። እኛ በ45 ቀን ኮሚቴ እንኳን አናቋቁምም። እሷን ቀለብ ያደረገው ሳልመን የተባለው ዓሣ ምን ይብላ የሚለውን ንዑስ ኮሚቴው ያየዋል።

አሜሪካ ውስጥ የኦሪገን ባሕር ዳርቻ ኦይስተር (ዛጎል ለባሽ፣ የሚበላ የባሕር እንስሳ) አርቢዎች ደግሞ የባሱ ናቸው። ከ2007 ገደማ ጀምሮ እጮቻቸው በገንዳው ውስጥ በገፍ አለቁባቸው። መጀመሪያ ባክቴሪያ መሰላቸው። ኋላ ላይ ጉዱ ያለው ከጥልቁ ወደ ላይ በሚወጣው፣ አሲድ በበዛበት ውሃ ውስጥ መሆኑ ታወቀ። ያ ውሃ አየር ካገኘ አሥርት ዓመታት አልፈውታል፣ የዋጠውም የያኔውን ጭስ ነው፤ የዛሬው ጭሳችን ገና ወረፋ ላይ ነው ማለት ነው። ታዲያ ሰዎቹ ጉባኤ ጠሩ? የአቋም መግለጫ አወጡ? ምንም። መለኪያ ገጠሙ፣ ውሃው ላይ ሶዳ አሽ የሚባል አሲድ ማርከሻ ዱቄት ጨመሩ፣ እጮቹም ማደግ ጀመሩ። ችኩሎች!

እኛም ከነሱ አንድ ነገር ወስደናል። ባሕሩ ላይ የተፈጨ ድንጋይ ብንበትን ለአሲዱ ማርከሻ ይሆን ይሆናል የሚል ጥናት አለ። አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህ ጭስ መቀነስን አይተካም ይላሉ፣ እዚያ ገጽ ላይ ግን ገና አልደረስንም። ጭሱን መቀነስም እኮ አልተረሳም። በአጀንዳው ላይ "ልዩ ልዩ" ከሚለው ሥር ተይዟል፣ ከሻይ ዕረፍት በኋላ ሰዓት ከተረፈ።