ክረምቱ እስከ መስከረም 25 ነው፣ ጌታዬ!

ጳጉሜ ልታልቅ አንድ ቀን ሲቀራት አዲስ አበባ ላይ ያልተጻፈ አዋጅ ይታወጃል። ማን እንዳወጀው አይታወቅም፤ ያልሰማው ግን የለም። «ክረምቱ ወጣ!» በማግስቱ ቦት ጫማ አልጋ ሥር ይገባል፣ ጃንጥላ ከበር ኋላ ተንጠልጥሎ ይረሳል፣ ነጭ የሀገር ልብስ ተተኩሶ ይወጣል። ከቀኑ 9 ሰዓት ላይ ያ ሁሉ ነጭ ልብስ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይበሰብሳል። የበሰበሰው ሰው ቀና ይልና ሰማዩን እንደ ቃል አባይ ያየዋል። «በመስከረም?»

አዎ፣ በመስከረም። የአባቶቻችን የወቅት አቆጣጠር ለክረምት የሰጠው ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ያለውን ጊዜ ነው። አደይ ብትፈካም፣ የዓመት በዓል ዘፈን ከሬዲዮው ባይጠፋም፣ እንቁጣጣሽ የምትውለው ክረምቱ ውስጥ ነው። ይህን በቃሉ የሚያውቀው ሽማግሌ ሳይቀር በበዓሉ ዕለት ያለ ጃንጥላ ይወጣል። ዕውቀት ከዝናብ አያስጥልም።

በእርግጥ የመስከረም ዝናብ ከነሐሴው ይለያል። ነሐሴ ተንኮል አያውቅም፤ ከጠዋት ጀምሮ አኩርፎ ይውላል፣ ሰውም ተዘጋጅቶ ይወጣል። መስከረም ግን ጠዋት ይስቃል፣ ከሰዓት ይመታል። መሬቱ ከሁለት ወር በላይ ጠጥቶ ጠግቧል። ደመናው ሳስቶ የጠዋት ፀሐይ ሲያገኘው እርጥበቱ ይተንናል፣ የሞቀው አየር ይዞት ወደ ላይ ይወጣል፣ ከፍ ሲል ይቀዘቅዝና ደመና ሆኖ ይቆለላል። ስለዚህ በዚህ ወር ከጠዋት ጀምሮ ጥርት ብሎ የሞቀ ቀን የከሰዓቱን ዝናብ ራሱ እየደገሰ ነው። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ «ዛሬማ ቀን ወጣ» ብሎ ብርድ ልብስ የሚነክር ሰው ይህን አልሰማም። ቀጫጭን ልብስ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ታጥቦ ቢሰጣ እስከ 6 ሰዓት ይደርቃል። ብርድ ልብስ ግን እስከ ጥቅምት ቢቆይ የሚሞት ሰው የለም።

ሰማዩን ማንበብ ከባድ አይደለም፤ የሚያስቸግረው ቀና ማለቱ ነው። 4 ሰዓት ገደማ ነጫጭ የደመና ጉብታዎች ብቅ ይላሉ፤ ታቻቸው ጠፍጣፋ፣ ላያቸው ጎፍላላ ነው። ከስፋታቸው ቁመታቸው ካላለፈ ለጊዜው ሰላም ነው። ከ6 ሰዓት በፊት ወደ ላይ መመዘዝ ከጀመሩና ታቻቸው ከጠቆረ ግን የተሰጣው ይሰብሰብ። ቀጥሎ እንጦጦን ማየት ነው። ተራራው ከነባሕር ዛፉ ከግራጫ መጋረጃ ኋላ ሲጠፋ ፒያሳ ያለ ሰው ቡናውን መጨለጫ ጊዜ ብቻ ነው የቀረው፤ ሁለተኛ ስኒ ማዘዝ አይመከርም። የመጨረሻው ማስጠንቀቂያ ድንገተኛው ቀዝቃዛ ነፋስ ነው። አቧራውንና ፌስታሉን ሲያስነሳ ዝናቡ ደርሷል ማለት ነው፤ ያ ነፋስ ከዝናቡ ጋር ከደመናው የወረደ አየር ነውና። በዚሁ ቅጽበት የጃንጥላ ነጋዴዎች ከየት እንደመጡ ሳይታወቅ ይደርሳሉ። ዋጋውም እንደ ጠብታው ውፍረት ነው።

መብረቅ ሲበርቅ ነጎድጓዱ እስኪሰማ ሴኮንድ ይቆጠርና ለሦስት ይካፈላል፤ የሚገኘው ርቀቱ በኪሎ ሜትር ነው። ሠላሳ ሳይቆጠር ከጮኸ ባሕር ዛፍ ሥር መጠለል ይቅር። የሚገርመው እዚያ የሚጠለለው ሁሌም ስለ መብረቅ ብዙ የሚያወራው ሰው ነው።

ስልክ የሚያምን ትውልድም አለ። «40 በመቶ ነው የሚለው» ይልና ግማሽ ጃንጥላ የሚበቃው ይመስል ባዶ እጁን ይወጣል። 40 በመቶ የዝናቡ መጠን አይደለም፤ የመምጣቱ ዕድል ነው። ከመጣ ሙሉ ሆኖ ነው የሚመጣው። የጉልበታቸውን ሕመም የሚያምኑት እናቶች ቢያንስ ጋቢ ይደርባሉ።

ከዚያ ክርክሩ ይመጣል። አንዱ ጎረቤት «እንደ ዘንድሮ ዘንቦ አያውቅም» ይላል፤ ሌላው «ዘንድሮማ ምን ዝናብ አለ፣ ዝናብ ድሮ ቀረ» ይላል። ሁለቱም የሚያወሩት አንድ ግቢ ውስጥ ስለወረደ ዝናብ ነው። ክርክሩን የሚፈታው አንድ የሃይላንድ ጠርሙስ ነው፤ ቁመቱን በሙሉ ቀጥ ያለና ወገቡ ያልጠበበ ይመረጣል። አናቱ መጥበብ ከሚጀምርበት ላይ ይቆረጥና የተቆረጠው ክፍል ያለ ክዳን ተገልብጦ እንደ ማጥለያ ይገባበታል። ነፋስ እንዳይጥለው ታች ጠጠር ይደረግበታል። ጠጠሩ ሰጥሞ ጎኑ ቀጥ እስከሚልበት ድረስ ውሃ ይጨመርና እዚያ ላይ ዜሮ ይባላል። ከዜሮ ወደ ላይ በማስመሪያ ሚሊ ሜትር ይሰመራል። በየቀኑ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ይነበባል፣ ይጻፋል፣ ውሃው ወደ ዜሮ ይመለሳል። የሚበላሸው ሁልጊዜ በቦታው ምርጫ ነው። ከጣሪያ ጠርዝ ሥር ከተቀመጠ የጣሪያውን ፍሳሽ ይለካል፣ ከልብስ ማስጫ ሥር ከተቀመጠ የጎረቤትን እጥበት። አጠገቡ ካለው ግንብ ቁመት ሁለት እጥፍ ቢርቅ ጥሩ ነው፤ በአዲስ አበባ ግቢ ይህ ማለት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ማለት ነው። ባይሆን መሀል ግቢ ይሁን። ጠጥቶበት የሚሄድ ውሻ ካለ ድርቅ ይመዘገባል።

ቁጥሩ ለክርክር ብቻ አይደለም። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ነው። 40 ካሬ የቆርቆሮ ጣሪያ በ20 ሚሊ ሜትር ዝናብ 800 ሊትር ይቀበላል። የሚረጨውና የሚፈሰው ተቀንሶ ሦስት ባለ 200 ሊትር በርሜል ይሞላል። ቧንቧ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ይህ ሁሉ ውሃ ወደ ቱቦ ሲወርድ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ስለ ውሃ እጥረት የሚያማርር ሰው ማየት የተለመደ ነው። በርሜል ለሚደቅን አንድ ምክር፦ አሸንዳው ከባሕር ዛፍ ቅጠል ይጠረግ፣ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ውሃም ይፍሰስ፤ የጣሪያውን አቧራና የወፍ ኩስ ይዞ የሚወርደው እሱ ነውና። የጳጉሜ 3 ዝናብ ግን ለብቻው ይታያል። የሩፋኤል ዕለት ሕፃናት «ሩፋኤል አሳድገኝ» እያሉ ራቁታቸውን ሲዘሉበት፣ ከቡሆ የምትጨምረው እናትም ዕቃዋን ስትደቅንበት ስለ ወፍ ኩስ የሚያነሣ ሰው ምላሹን ያገኛል።

ነሐሴን የተቋቋመ ጣሪያ መስከረም ላይ ማፍሰስ ሲጀምር ሰዉ ቡዳ ፍለጋ ይሄዳል። ነገሩ ሚስማሩ ጋ ነው። ከሰዓት በፊት ፀሐይ ያጋለችው ቆርቆሮ ይለጠጣል፤ 9 ሰዓት ላይ ቀዝቃዛ ዝናብ ሲወርድበት ይሰበሰባል። ይህ በየቀኑ ሲደጋገም ሚስማሩ ይላላል። ሚስማር ከጎማው ጋር የሚመታው በቆርቆሮው ጉብታ ላይ ነው። በቦዩ ላይ የመታው አናጢ ውሃው በሚሄድበት መንገድ ላይ ቀዳዳ ትቶለት ሄዷል። ዝናብ እየወረደ በሸበጥ ጣሪያ ላይ መውጣት ሁለት ጉዳት አለው፦ እርጥብ ቆርቆሮ ላይ ሬንጅ አይዝም፣ ሸበጥም አይዝም። ለዛሬ ባልዲ ይደቀን፤ ነገ 4 ሰዓት ላይ ቆርቆሮው ሲደርቅ ይወጣ።

ጭቃው እንደ ሰፈሩ ነው። በቦሌና በአቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ውሃ ሲነካው ያብጣል፣ ጫማ ሲነካው አይለቅም። እርጥቡን መፋቅ ወደ ስፌቱ መግፋት ነው። ይድረቅ፣ ከዚያ በብሩሽ ይራገፍ፣ በእርጥብ ጨርቅ ይታበስ፣ ጋዜጣ ይጠቅጠቅበት። ከሰል ምድጃ ዳር የተቀመጠ ቆዳ ጫማ ይሰነጠቃል። ሊስትሮው ይህን ሁሉ ያውቃል፣ ግን አይናገርም፤ መስከረም የእሱ መኸር ነው።

በዚህ ሁሉ መሀል ሰዉ የሚያየው ተፈጥሮ አለ ቢባል አደይ ናት። እሷንም ሳያይ ነው የሚገዛት። በየእቅፉ ከሚሸጠው ቢጫ አበባ ውስጥ መጭ የሚባለው የማሳ አረም ይቀላቀላል። አበባቸውን ብቻ ያየ ይታለላል፤ ቅጠላቸው ግን ያጋልጣቸዋል። የአደይ ቅጠል የተሸነሸነና ቀጫጭን ነው፣ የመጭ ሙሉ፣ ሸካራና ግንዱን ያቀፈ። ወደ ሻጯ ልጅ ሄዶ ይህን ማስረዳት ግን ነውር ነው። በዓል ነው፣ ይከፈላል።

ከሁሉ የተበደለችው የመስቀል ወፍ ናት። ዓመት ጠፍቶ የመጣ ዘመድ ሁሉ «ምነው የመስቀል ወፍ ሆንክሳ!» ይባላል። የትም ሳትሄድ ስሟ ጠፋ። ወንዱ በክረምቱ ዝናብ ሣሩ ሲረዝምና ዘር ሲይዝ የመራቢያ ልብሱን ይለብሳል፤ ጥቁር ላይ ቢጫ ወይም ጥቁር ላይ ቀይ። ወቅቱ ሲያልፍ ያንን አራግፎ ሴቷን የመሰለ ዥጉርጉር ቡናማ ይሆናል፣ ብዙ ጊዜም እዚያው አካባቢ ይከርማል። ያኔ «ድንቢጥ ናት» ተብሎ ይታለፋል። እሱን ለማየት አገር ቤት መሄድ አያስፈልግም። በከተማው ውስጥ ምርጡ ቦታ «በቅርቡ ግንባታ ይጀመራል» ተብሎ በቆርቆሮ የታጠረውና ለዓመታት ሣር ያበቀለው መሬት ነው። ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ በአጥሩ ቀዳዳ ቢታይ በረጅም ሣር ጫፍ ላይ ላባውን ነፍቶ ሲወዛወዝ ይገኛል። ጥበቃው «ምን ፈለጉ?» ካለ «ወፍ» ማለት አያዋጣም፤ «መሬቱ ይሸጣል?» ቢባል ወንበር ያቀርባል።

መስከረም 16 የደመራው ዕለት ነው። ዝናቡ ይህን ቀን አይምርም። ችቦው ከሁለት ቀን በፊት ተገዝቶ ከጣሪያ ሥር ቆሞ ካልደረቀ ጭሱ ብቻ ነው የሚደርሰው። ደመራው ራሱ ግን እንጨቱ ቆሞ ስለሚደረደር ውሃው በላዩ ይወርዳል፣ ውስጡ ደረቅ ይቆያል። ከተለኮሰ በኋላ የወደቀበትን አቅጣጫ አይተው የዓመቱን ጥጋብ የሚተነብዩ አሉ። የማታውን ዝናብ ያልተነበዩት እነዚሁ ናቸው።

መስከረም 26 ሲደርስ ጃንጥላ በሥርዓት ይቀመጣል። ተዘርግቶ ጥላ ሥር ይደርቃል፣ የዘንጎቹ መገጣጠሚያ ላይ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ይደረጋል፣ ከዚያ ላላ ተደርጎ ይታጠፋል። እርጥቡን ታጥፎ የከረመ በሰኔ ሲከፈት ጨርቁን ሻጋታ፣ ዘንጉን ዝገት በልቶት ይገኛል። ይህ ሁሉ ጃንጥላው ቤት ካለ ነው። መስከረም 9 ላይ «አሁን እመልሳለሁ» ተብሎ የተወሰደ ከሆነ በጥቅምት ሲጠየቅ «በዚህ ፀሐይ ምን ያደርግልሃል?» ይባላል፤ በሰኔ ሲጠየቅ ደግሞ «የምን ጃንጥላ?»