ለሁሉም +2 መስጠት እኩል መስጠት አይደለም

ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስን፣ ማለትም ገጸ ባህርይ ይዞ በዳይስ የሚጫወቱትን የጀብዱ ጨዋታ የምትጫወቱ ወገኖቼ፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ የቆየሁትን ብሶት ዛሬ ልተንፍሰው። ጨዋታውን የሚመራልን ዲኤም ፍትሐዊ መሆንን አጥብቆ የሚወድ ሰው ነው፤ ክፋቱ ፍትሕን የሚለካው በቁጥሮች መመሳሰል ብቻ መሆኑ ነው። ለፋይተሩ (ለተዋጊው) +2 ሰይፍ፣ ማለትም መምታቱን በሚወስነው ባለ 20 ገጽ ዳይስም በጉዳቱም ላይ 2 የሚጨምር ሰይፍ ይሰጠዋል፤ አስማተኞቹ ዊዛርዱና ዋርሎኩ እንዳይከፋቸው ደግሞ በማንኛውም የአስማት ጉዳት ላይ 2 የሚጨምር በትር ከራሱ ፈጥሮ ያድላቸዋል። ቅሬታ ያነሳ ሰው ሲኖር «ሁላችሁም ያገኛችሁት +2 ነው፤ ታዲያ ምን ጎደለባችሁ?» ይልና ወሬው በዚያው ይዘጋል።

የጎደለው ስሌት ነው። የአንድ ጭማሪ ክብደት የሚታወቀው በአንድ ተራ ውስጥ ስንት ጊዜ እንደሚደመር ሲታይ እንጂ በዕቃው ላይ ከተጻፈው ቁጥር አይደለም። 11ኛ ደረጃ የደረሰ ፋይተር በተራው 3 ጊዜ ይሰነዝራል። በሁለት እጅ የሚያዘውን ትልቁን ሰይፍ (ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ፣ በአማካይ 7) ይዞ የጉልበቱ ጭማሪ 5 ከሆነ፣ እያንዳንዱ ያገኘ ምት በአማካይ 12 ጉዳት ያደርሳል፤ ከሁለት አንዱን የሚስት ከሆነ በተራ 18 መሆኑ ነው። +2 ሰይፉን ሲጨብጥ የምቱ ጉዳት 14፣ የመምታት ዕድሉም 60 በመቶ ስለሚሆን ውጤቱ 25 ያልፋል። ይህ የ40 በመቶ ዕድገት ነው።

አሁን ወደ በትሩ እንምጣ። ዊዛርዱ ፋየር ቦልት የተባለውን የእሳት አስማት ቢወረውርበት የሚያተርፈው 2 ብቻ ነው፤ ምቱ አንድ ነውና። በዚያው ደረጃ ያለው ዋርሎክ ግን ኤልድሪች ብላስት የተባለው አስማቱ 3 ጨረር ስላለው፣ ሁሉም ከመቱለት 6 ያገኛል፤ ያውም የካሪዝማ (የሞገስ) ጭማሪውን በየጨረሩ ላይ አስቀድሞ እየደመረ። ዊዛርዱም ሞኝ አይደለምና ነገሩ ሲገባው ማጂክ ሚሳይል የተባለውን የፍላጻ አስማት በ5ኛ ደረጃ ስሎት (ስሎት ማለት እረፍት እስኪወሰድ የሚያልቅ የአስማት ዕድል ነው) መተኮስ ጀመረ፦ 7 ፍላጻ፣ 14 ተጨማሪ ጉዳት፣ የመሳት ስጋት የለም። እንግዲህ አንዱ በትር አንዴ 2፣ አንዴ 6፣ አንዴ 14 እየሆነ ነው እኩል ተሰጥቷችኋል የምንባለው።

የሚያበሳጨኝ ደግሞ መጽሐፉ ይህንን አስቀድሞ ያሰበበት መሆኑ ነው። በ2014 በወጣው የዲኤም መመሪያ ውስጥ ያለው የጦር ጠንቋይ በትር የሚጨምረው አስማቱ መምታቱን በሚወስነው ዳይስ ላይ ነው እንጂ ጉዳት ላይ አይደለም። በዚያው ዓመት ሕግ የኢቮኬሽን ዊዛርድ (በእሳትና መሰል አጥፊ አስማት የተካነው) የአእምሮ ጭማሪውን በጉዳት ላይ የሚደምረው 10ኛ ደረጃ ሲደርስ ሲሆን፣ እሱም ቢሆን በአንድ የጉዳት ውርወራ ላይ ብቻ ነው። «አንድ» የሚለው ገደብ ያለ ምክንያት አልተጻፈም።

ፋይተሩ ራሱ ተጠቃሚ አይደለም ወይ የሚል ይኖራል። በወረቀት ላይ ነው። ያው መመሪያ አንድ ቡድን በአንድ የጀብዱ ቀን ከ6 እስከ 8 መካከለኛ ወይም ከባድ ፍልሚያዎችን እንደሚችል አስቦ ነው ሚዛኑን የሠራው፤ ስሎት የሚያልቀውና ሰይፍ ዋጋ የሚያወጣው በዚያ ርዝመት ውስጥ ነውና። እኛ ግን በቀን አንድ ፍልሚያ ገጥመን ስሎቱን ሁሉ የሚመልሰውን ረጅም እረፍት እንወስዳለን። ዊዛርዱ ያለውን ሁሉ ወዲያው አራግፎ ይተኛል፤ ፋይተሩ ሁለተኛ ተራው ሳይደርስ የሚመታው ጠላት ያጣል። በዚህ ላይ በትር ሲጨመር ከድጡ ወደ ማጡ ነው።

በትሩ የግድ ጉዳት መጨመር ካለበት በተራ አንድ ጊዜ፣ በአንድ ጠላት ላይ ብቻ ይሁን ብዬ ሐሳብ አቅርቤ ነበር። «ዊዛርዱን ለምን ትመቀኛለህ?» ተባልኩ። ጭራሽ በሚቀጥለው ጊዜ ለፋይተሩ በየምቱ ሁለት ባለ 6 ገጽ ዳይስ የሚጨምር የእሳት ሰይፍ፣ ለዊዛርዱም ይህንኑ በአስማቱ ሁሉ ላይ የሚጨምር ምርኩዝ እንደሚሰጥ ነግሮናል። ፋይተሩ 3ቱም ምት ቢያገኙለት በአማካይ 21 ይጨምራል። ፋየርቦል የተባለው በአካባቢው ያለውን ሁሉ የሚያቃጥል አስማት ግን 6 ጠላት መሀል ወድቆ አንዳቸውም ካላመለጡ 42 ነው። እኩል ነው ተብሏል።