አራት ኪሎ ያየኸው ወፍ ሃሚንግበርድ አይደለም

ወንድሜ፣ «ሃሚንግበርድ ብርድ ሲሸሽ በዝይ ጀርባ ተሳፍሮ አራት ኪሎ ድረስ ይመጣል» ያልኸው ይታረም። ይህ የአበባ ማር የሚጠጣ ትንሽ ወፍ በዱር የሚኖረው በሰሜንና በደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። የዝይዋ ነገርም የቆየ ተረት ነው። ጉሮሮ ቀዩ ዝርያ 3 ግራም ገደማ ቢመዝንም፣ ከጉዞው በፊት ስብ አከማችቶ ክብደቱን እጥፍ ሊያደርስ ይችላል። ከዚያ የሜክሲኮን ባሕረ ሰላጤ፣ 800 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ሳያርፍ ያቋርጣል፤ በመኪና መቀሌ እንደ መድረስ ነው፣ ያውም ያለ ምሳ!

በግቢህ ራስ ክምር በሚባለው ተክል አበባ ላይ ያየኸው፣ ጅራቱ ረዘም ያለውና ፀሐይ ሲያርፍበት ሐምራዊ የሚያንጸባርቀው፣ ከአገላለጽህ በተከዜ ወንዝ ስም የተሰየመው የአገራችን ወፍ (ታካዜ ሰንበርድ) ይመስላል። እግሩን እይ፤ አብዛኛውን ጊዜ አገዳው ላይ ቆሞ ይቀስማል። ሃሚንግበርድ ግን አየር ላይ እንደ ተንሳፈፈ ነው የሚጠጣው።